«አገር ስጠኝ»፦ የጨዋታ ደንብ እንደ ድርሰት

ስለ ሕዝብ ጨዋታዎች በሚጻፈው ውስጥ አንድ የተለመደ ጉድለት ይታያል። ይኸውም የጨዋታው ቃል ሲመዘገብ የጨዋታው ደንብ መቅረቱ ነው። እንቆቅልሹ ከነመልሱ ይታተማል፤ መልሱ የጠፋበት ሰው ምን እንደሚከፍል፣ የረታውም ምን መብት እንደሚያገኝ ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። በዚህ ዓይነት የተጠናቀረ መድበል ያነበበ ሰው ብዙ መቶ እንቆቅልሽ ሊያውቅ ይችላል፤ እንቆቅልሽ መጫወትን ግን አይማርበትም።

ጨዋታ እንደ ግጥም፣ እንደ ተውኔትና እንደ ሥዕል ሁሉ ቅርጽና ይዘት ያለው የፈጠራ ሥራ ነው ካልን፣ ቅርጹ ደንቡ ነው። ደንቡም ከባዶ አይፈጠርም። ከኅብረተሰቡ ኑሮ፣ ከፍርድ አደባባዩ፣ ከጦር ሜዳውና ከመሬት ስሪቱ ይቀዳል። በመሆኑም የአንድን ጨዋታ ደንብ መመርመር ጨዋታውን የወለደውን ኅብረተሰብ መመርመር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ በመነሣት የእንቆቅልሻችንን ደንብ በውጭው ዓለም ገናና ከሆነ አንድ የጨዋታ ዓይነት ጋር አስተያይቶ፣ አዲስ ጨዋታ ለመሥራት ለሚነሡ መምህራንና የኪነት ሰዎች የሚረዳ ፍርድ መስጠት ነው።

ለምርመራችን መነሻ የምናደርገው ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ የተዘረጋውን የላይና የታች ጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አገር ነው። ይህ አካባቢ ስለ ቅርጽ ክብር ብዙ የሚያስተምር ነው። የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባ የሚገኙት በጋይንት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ቃሉን ብቻ የያዘ ተማሪ ድጓ ዐወቀ አይባልም። ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱንና ጭረቱን መለየት ይኖርበታል። ቃሉን ጽፎ ምልክቱን የተወ ጸሐፊም ድጓ ጻፈ አይባልም። የአካባቢው ሊቃውንት ለዜማ ያደረጉትን ይህን ጥንቃቄ እኛ ለጨዋታ አላደረግንም።

የእንቆቅልሽ አሠራር

በእነዚህ ወረዳዎች፣ እንደ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ ገጠር ሁሉ፣ የእንቆቅልሽ ሰዓት ከብቱ ከገባና እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ነው። አንደኛው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል። ተጠያቂው ከመለሰ እርሱ አመለጠ። ካልመለሰ ግን ጠያቂው መልሱን ወዲያው አይነግረውም፤ «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተጠያቂው የአንድ አገር ስም ጠርቶ ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ከናቀው «ሌላ ጨምር» ወይም «ሌላ ስጠኝ» ማለት ይችላል። ከተቀበለ ደግሞ ወደ ተሰጠው አገር በቃል ይገባል። እዚያ ምን እንደ በላና እንደ ጠጣ፣ ምን እንደ ለበሰ፣ ማን እንደ ተቀበለው፣ አገር የሰጠው ሰው ደግሞ በአንጻሩ ምን ዓይነት ውርደት እንደ ደረሰበት ይተርካል። መልሱ የሚነገረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ደንብ የልጅ ቀልድ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው አራት ነገሮችን ማሳየት ይቻላል። አንደኛ፣ በዚህ ጨዋታ ሽንፈት ጨዋታውን አይዘጋም፤ ትረካ ይወልዳል። በብዙ ጨዋታዎች ያልቻለ ሰው ይወጣል፤ እዚህ ግን ያልቻለው ሰው ባይኖር ኖሮ ከጨዋታው ግማሽ የሚሆነው፣ እርሱም ትረካው፣ ባልተፈጠረ ነበር። ሁለተኛ፣ ትረካው የሚሆንበትን ቦታ የሚመርጠው ተራኪው ሳይሆን ተሸናፊው ነው። ስለዚህ ተራኪው አስቀድሞ አዘጋጅቶ የመጣውን ነገር ማውረድ አይችልም፤ በተሰጠው አገር ላይ ወዲያው መፍጠር አለበት። ሦስተኛ፣ አገሩን የመናቅ መብት ስላለ ሁለቱ ወገኖች በአገር ስም ይከራከራሉ። የጋይንት ልጅ ንፋስ መውጫን ቢሰጥ ጠያቂው በየሳምንቱ ገበያ የሚሄድበትን ከተማ ምን ያደርገዋል? ደብረ ታቦርን ይጠይቃል፤ ደብረ ታቦር ቢሰጠው ጎንደርን ይመኛል። የእስቴው ልጅ መካነ ኢየሱስን፣ የስማዳው ልጅ ወገዳን የሚያየው እንደዚሁ ነው። በዚህ መንገድ ልጁ በእግሩ ያልደረሰበትን አገር በስሙ፣ በዝናውና በምናቡ ይሠራዋል። አራተኛ፣ መልሱ እስከ መጨረሻው ድረስ መዘግየቱ የአድማጩን ጉጉት ይይዛል። ተውኔት ጸሐፊ ትልቅ ጥረት የሚያደርግበትን ልብ ሰቀላ ይህ ደንብ በአንድ ቀላል ዘዴ አግኝቶታል።

እነዚህ አራት ነገሮች በጥያቄው ውስጥ የሉም፤ በመልሱም ውስጥ የሉም። ያሉት በደንቡ ውስጥ ነው። ጥያቄና መልስ ብቻ ያተመ መድበል ያስቀረው እነዚህን ነው።

ይሁን እንጂ ሂስ ውዳሴ ብቻ አይደለም። ደንቡ የመጣበትን ኅብረተሰብ መልክ ይዞ የመጣ በመሆኑ፣ የዚያንም ኅብረተሰብ ጉድለት ይዞ መጥቷል። «አገር ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ የጉልት ሥርዓት አነጋገር ነው። በቀድሞው ዘመን ንጉሥ ወይም መስፍን ላገለገለው ሰው አገር ይሰጥ ነበር። ሰጪው አያርሰውም፤ ተቀባዩም አያርሰውም፤ የሚያርሰው ባለርስት በስጦታው ጊዜ አይጠየቅም። ተቀባዩ ከአገሩ የሚፈልገው ግብሩንና ግብዣውን ነው። የእንቆቅልሹ ተራኪም እንዲሁ ነው። ጎንደር ይገባል፤ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ይሾማል። የጎንደር ሰው ግን በትረካው ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ጉልት በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬትም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። በጨዋታው ውስጥ ግን አገር ከነሰዉ በቃል ሲሰጥና ሲወሰድ ኖሯል። ሕግ ሲለወጥ የጨዋታ ደንብ አብሮ አይለወጥም፤ የጥንቱን ሥርዓት ከአዋጅ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይሸከማል።

የሚና ጨዋታ ከየት መጣ?

ይህ በእኛ ጨዋታ ብቻ የደረሰ ነገር እንዳልሆነ ለመረዳት በውጭው ዓለም «የሚና ጨዋታ» የሚባለውን እንመልከት። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የአንድን ምናባዊ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ አንደኛው ግን የጨዋታው መሪ ይሆናል። ተጫዋቾቹ «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ሽማግሌውን አነጋግራለሁ» እያሉ ድርጊታቸውን በቃል ይናገራሉ። መሪው ከድርጊቱ የተነሣ የሆነውን ይነግራቸዋል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ቁጥር ያለው ዳይስ ይጣላል። መድረክ አያስፈልገውም፤ ተዋናዩም ተመልካቹም ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው።

የዚህ ጨዋታ ደንብ አያት የጦር ትምህርት ነው። በፕሩሲያ ሪስዊትስ የሚባሉ አባትና ልጅ፣ አባትየው በ1812፣ ልጅየው በ1824 እ.ኤ.አ.፣ መኮንኖች በካርታ ላይ የሚለማመዱበትን የጦር ጨዋታ አቀረቡ። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛው ውጤቱን ከሠንጠረዥና ከዳይስ አስልቶ ይነግራቸዋል። በ1876 እ.ኤ.አ. ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ሠንጠረዡን ትቶ የዳኛውን ልምድና ፍርድ የሚያስቀድም አሠራር አስፋፋ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ አሜሪካዊ በአንዲት ምናባዊ ከተማ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ አዘጋጅቶ፣ ከጦር አዛዦቹ ሌላ ከንቲባንና ባለባንክን ለመሰሉ የከተማ ሰዎችም ተጫዋች መደበ። ተጫዋቾቹ ጦርነቱን ትተው እርስ በርሳቸው መማከርና መሻረክ ጀመሩ። አዘጋጁ ጨዋታው የተበላሸ መስሎት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን እንዲደገም ጠየቁት። ከዚህ ልምድ የተማረው ዴቭ አርነሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ማለትም በ1966 ዓ.ም.፣ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት ታተመ። የመጀመሪያው ኅትመት 1000 ቅጂ ነበር።

አሁን ደንቡን እንመርምር። በመጀመሪያው እትም ተጫዋቹ የሚያድግበት «ልምድ» የሚለካው በገደለው ጭራቅና በሰበሰበው ሀብት ነው፤ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ይሆናል። ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ምሽግ ሠርቶ የአካባቢው ጌታ ይሆናል፤ ከነዋሪዎቹም በዓመት በነፍስ ወከፍ 10 የወርቅ ሳንቲም ግብር ይሰበስባል። እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። በጋይንት ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጠው ልጅና በአሜሪካ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጠው ወጣት አንዱ የሌላውን ጨዋታ አያውቅም። በሁለቱም ጨዋታ ግን የድል ዋጋ አገር ከነነዋሪው መያዝ ነው። አንዱ ይህን ያገኘው በዙሪያው ከኖረው የጉልት ሥርዓት ነው፤ ሌላው ከመጻሕፍት ካነበበው የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ነው።

ልዩነታቸውም ከመመሳሰላቸው ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። የሚና ጨዋታ ከጦር ትምህርቱ የወረሰው አንድ ትልቅ ነገር ዳኛው ነው። ዳኛው ቀስ በቀስ የጠላት ጦር፣ የበር ጠባቂ፣ የባለሱቅ፣ የባላገር፣ በጠቅላላው የዓለሙ ሁሉ አንደበት ሆነ። ተጫዋቹ ወደ አንድ መንደር ሲገባ መንደርተኛው በመሪው አፍ «ለምን መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የእኛ እንቆቅልሽ ይህ የለውም። አገር ይሰጣል፤ አገሬውን የሚወክል ግን አልተቀመጠለትም። የደንባችን ዋነኛ ጉድለት ይህ ነው።

በሌላ በኩል ውጭዎቹ ዘግይተው የደረሱበትን ነገር የእኛ ገጠር ቀድሞ ይዞታል። ጄምስ ዋሊስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ በባሮን ሙንካውዘን ስም በተሰየመ ጨዋታ ተጫዋቾቹ የመሳፍንት ሚና ይዘው ጉራ ይነዛሉ። ተራኪው የሚተርከውን ርእስ የሚሰጠው ሌላው ተጫዋች ነው። አድማጩ ሳንቲም አስይዞ «ይህስ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ማቋረጥ ይችላል፤ ተራኪው ሳንቲሙን ከተቀበለ ተቃውሞውን በትረካው ውስጥ ማግባት አለበት፤ ካልተቀበለ የራሱን ሳንቲም ጨምሮ፣ ተቃዋሚውን ዘልፎ ይመልሳል። ይህ ጨዋታ በአዲስነቱ ተደንቋል። ይሁን እንጂ ርእስ የሚሰጥ ተቀናቃኝ በ«አገር ስጠኝ» ውስጥ አለ። ቃልን በውርርድ ማስያዝ ደግሞ በቀድሞው ችሎት የታወቀ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎቹ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያስያዙ እሰጥ አገባ ይሉ ነበር። ርስት በሥጋ ዝምድና በሚጠየቅበት በዚህ አገር ሙግት የዘወትር ጉዳይ ስለ ነበር፣ የንግግር ጥበብ ያደገው በአደባባይ ነው። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው በእጃችን ነበር፤ ችሎቱንና ምድጃውን አገናኝቶ አንድ ጨዋታ የሚያደርግ ጠቢብ ግን አልተነሣለትም።

የሰንጠረዥ ምስክርነት

«ታዲያ ደንብን ከባዕድ መውሰድ ባህልን ማበላሸት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ መልስ የሚሰጠን ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዥ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የተስፋፋ ጨዋታ ነው። ስሙና የአንዳንድ ጠጠሮቹ ስም፣ ለምሳሌ ፈርዝና ፊል፣ ይህን መንገድ ይመሰክራሉ። በኢትዮጵያ መኳንንት ቤት ግን ሌላ ቦታ የሌለ መልክ ያዘ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች ተራ አይጠብቁም። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ፣ እጁ እንዳመራው ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ምርኮ ከተወሰደ በኋላ ነው።

ከጋይንትና ከእስቴ ብዙም በማይርቀው በደብረ ታቦር፣ በራስ አሊ ቤት ይኖር የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህን ጨዋታ ገልጾታል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ደንቡን አጥንቶ አሳትሟል። ከእነዚህ ምንጮች የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። በእኛ ሰንጠረዥ ድል ሁሉ እኩል አይደለም። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማጥመድ ብዙ አያስመሰግንም፤ በፊል ማጥመድ ያስመሰግናል፤ በመደቅ ማጥመድ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስከብራል። ብርቱው ብርቱውን መርታቱ ሳይሆን፣ ከሁሉ ያነሰው ጠጠር ንጉሡን መያዙ የሚደነቅበት ደንብ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? የሰንጠረዥን ኢትዮጵያዊነት የሠራው በጠጠሮቹ ላይ የተቀረጸ ጌጥ አይደለም። ወረራና የድል ማዕረግ የሚባሉት ሁለቱ ደንቦች ናቸው። አባቶቻችን ባዕዱን ጨዋታ የራሳቸው ያደረጉት አሠራሩን ከራሳቸው የጦር ልማድና የክብር ስሜት ጋር በማዋሐድ ነው። በዛሬው ጊዜ አልፎ አልፎ የሚታየው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። በእባብና መሰላል ሰሌዳ ላይ የፋሲል ግንብ ሥዕል ይለጠፍና «ኢትዮጵያዊ ጨዋታ» ይባላል። ሥዕሉ ተለወጠ እንጂ ደንቡ አልተለወጠም፤ ልጁ ከዚያ ሰሌዳ ስለ ጎንደር የሚማረው የግንቡን መልክ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ገበጣ ከእንቆቅልሽ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ፓንክረስት በዚያው በ1971 እ.ኤ.አ. የየአገሩን የገበጣ ደንብ መዝግቦ አሳትሟል። አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስም ገበጣን ለእጅ ስልክ አዘጋጅቷል። ኮምፒውተር ደንብ ካልተነገረው አይጫወትምና፣ ሥራው ራሱ ደንቡን አጥርቶ ማስፈርን ግድ ይላል። ለእንቆቅልሽም መደረግ ያለበት ይኸው ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ደረጃ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚሠሩ መምህራንና የባህል ሠራተኞች እንቆቅልሽ ሲሰበስቡ ደንቡን አብረው ይሰብስቡ። ማን ይጀምራል? ተጠያቂው ስንት ጊዜ ይሞክራል? የትኛው አገር ተቀባይነት አለው፣ የትኛውስ ይናቃል? ትረካው ምን ያህል ይረዝማል? አድማጩስ ምን ይላል? በደጋው የጉና ግርጌና በቆላው የዓባይና የበሽሎ ሸለቆ ልዩነት ካለ ልዩነቱ ይጻፍ። አዛውንቶች ይህን በቃላቸው ይዘውታል፤ በጽሑፍ ካልተያዘ ግን አብሯቸው ይሄዳል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በትምህርት ቤት «አገር ስጠኝ»ን ስድብ ያስተምራል ብሎ ማስቀረት ተገቢ አይደለም። ስድቡ እውነተኛ ችግር ነው። ተራኪው ድሀውን፣ አካል ጉዳተኛውን ወይም ሴቲቱን የቀልድ መጫወቻ ሲያደርግ መምህሩ ዝም ማለት አይገባውም። ነገር ግን ችግሩ የሚፈታው ደንቡን በመቁረጥ ሳይሆን በማሻሻል ነው። ሁለት ማሻሻያ ማቅረብ ይቻላል። አንደኛው፣ ሦስተኛ ተጫዋች «የአገሩ ሰው» ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ተራኪው ላሊበላ ገባሁ ሲል የላሊበላው ሰው «ለምን መጣህ? ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ተራኪው ሳይመልስ ወደ ግብዣው መቀመጥ አይችልም። ይህ ከሚና ጨዋታ የሚወሰድ አሠራር ነው። ሁለተኛው፣ አገር የሰጠው ተሸናፊ በእሰጥ አገባ ልማድ አንድ ጊዜ ትረካውን እንዲያቋርጥና እንዲሞግት መፍቀድ ነው። ይህ ደግሞ ከራሳችን ችሎት የሚወሰድ ነው። በመጀመሪያው አገሬው አንደበት ያገኛል፤ በሁለተኛው ተሸናፊው ክብሩን ያስመልሳል። ጥያቄውም፣ ትረካውም፣ ጉጉቱም እንደ ነበሩ ይቀጥላሉ።

ለሥነ ጽሑፍና ለተውኔት ሰዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በተሰጠው አገር ላይ ሳይዘጋጅ መተረክን፣ በተቃውሞ መካከል ትረካን ማስኬድን የተለማመደ ልጅ ነገ መድረክ ላይ ሲቆም ወይም ብዕር ሲያነሣ ከባዶ አይነሣም። ልምምዱም ልዩ በጀት ወይም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የደንቡን ዋጋ መገንዘብና በየክፍሉ ለሙከራ አንድ ሰዓት መመደብ ነው። ጽሑፉን የጀመርነው መልስ ያጣ ሰው ምን እንደሚከፍል አይመዘገብም በሚል ወቀሳ ነበር። በመጪው የእንቆቅልሽ መድበል ከእያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ቀጥሎ የተሰጠው አገር ስምና በዚያ አገር ላይ የተነገረው ትረካ ሰፍሮ ቢገኝ፣ ወቀሳው ቦታ አይኖረውም።